ለበግና ለላም በተሰናዳ ክሊኒክ የታከመች ድመት

ባለፈው ዐቢይ ጾም በግቢያችን በር ሥር መዋል የጀመረች ባለቤት አልባ ድመት ሽሮ የነካ እንጀራ ስናቀርብላት ሳትቀምስ ትመለስ ስለነበር፣ የጾም ምግብ ጠልታ ነው ብለን ሁለት ቀን ችላ አልናት። ሙስሊም የሆኑት ጎረቤታችን የተቀቀለ ጉበት ቢያመጡላትም ጠጋ ብላ ጎንበስ ካለች በኋላ ፊቷን ስትመልስ ግን ነገሩ ሕመም መሆኑን ተረድቼ፣ በካርቶን አድርጌ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወዳለ አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኋት።

ክሊኒኩን የማመሰግነው ሐኪሙ መድኃኒት ከማዘዛቸው በፊት በጥሞና ስለመረመሯት ነው። የጀርባዋን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት ቶሎ አለመመለሱን አሳይተው ሰውነቷ ውኃ እንዳነሰው ነገሩኝ፤ ከንፈሯን ገልጠውም ምላሷ ጠርዝ ላይ ያለውን ቁስል አሳዩኝ። አፍንጫዋ በንፍጥ ተደፍኗል። ድመት ለመብላት የምትነሣሣው በአብዛኛው ምግቡን አሽትታ ስለሆነ አፍንጫዋ ሲደፈን ርቧት እንኳ ላትበላ እንደምትችል፣ ለቀናት ከጾመች ደግሞ ስብ በጉበቷ ተጠራቅሞ ሊገድላት እንደሚችል አስረዱኝ። ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ከሰጧት በኋላ አፍንጫዋን ለብ ባለ የጨው ውኃ በተነከረ ጥጥ እንድጠርግ፣ ምግቧንም ለብ አድርጌ ጥቂት በጥቂቱ እንዳቀርብላት፣ ሽንኩርት የገባበትን ወጥና መርዝ የሚሆንባትን ፓራሲታሞል ግን ፈጽሞ እንዳላስነካት አዘዙኝ። እኔ ደግሞ ከመምጣቴ በፊት ግማሽ ፍሬ ልሰጣት አስቤ ነበር።

ጉድለቱን ሳላነሣ አላልፍም። በበጎችና በጥጆች መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቄያለሁ፤ ሚዛኑ ለበግ የተሠራ በመሆኑ ረዳቱ ድመቷን ታቅፎ በሰው ሚዛን ላይ ቆሞ ከድምሩ ላይ የራሱን ክብደት መቀነስ ነበረበት፤ የመድኃኒቱ አወሳሰድም የተነገረኝ በቃል ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን እጄ ላይ ያለውን ጭረት እያዩ ነክሳኝ ወይም ቧጭራኝ እንደሆነ የጠየቀኝ አለመኖሩ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም እንደሚተላለፍ ስለማውቅ ቁስሉን ከቤት ሳልወጣ ለ15 ደቂቃ በሳሙና አጥቤው ነበር፤ ጤና ጣቢያ የሄድሁትም በራሴ ሐሳብ ነው።

በከተማችን ብርድ ለብ ያለው ምግብ ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ ሳህኑን ሙቅ ውኃ በያዘ ጎድጓዳ ዕቃ ላይ አስቀምጥላት ጀመር። በአራተኛው ቀን ጉበቱን በልታ ሳህኑን ላሰች። ለክትትል የምመለሰው ወደዚያው ክሊኒክ ነው፤ ነገር ግን ከገበያ ቀን ውጭ፣ በማለዳ፣ ካርቶኑን ትቼ ክዳን ባለው ቅርጫት ይዣት።