ከትንፋሽ ማሠልጠኛዬ ጋር ስምንት ወር

10 ሺህ ሜትር መሮጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እግሬን በዳገት፣ ልቤን በኢንተርቫል፣ ማለትም ፈጣን ሩጫና እረፍት በማፈራረቅ፣ አሠልጥኛለሁ። ትንፋሼን ግን ለብቻው ነክቼው አላውቅም ነበር። ስሮጥ አብሮ ይጠነክራል ብዬ ነበር የማስበው። ይህችን መሣሪያ ያስገዛኝ አንድ ውድድር ነው። 8ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ ገና አቅም ነበረው። ደረቴ ግን አለቀ። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጣ፤ ቁና ቁና እየተነፈስኩ አምስት ሰው አለፈኝ።

መሣሪያዋ በመዳፍ የምትያዝ የፕላስቲክ ቱቦ ናት። አንዱ ጫፏ ላይ በጥርስ የሚነከስ ጎማ አለ። ውስጧ ደግሞ በሞላ የተያዘ ቫልቭ። አየር ስትስቡ ሞላውን እስክታሸንፉት ድረስ ምንም አይገባም። ካሸነፋችሁት ይከፈታል። ስታስወጡ ነፃ ነው። ከታች ያለውን መዞሪያ ባጠበቃችሁት ቁጥር ይከብዳል። ባትሪ የለም፣ አፕ የለም።

አጠቃቀሙ ጠዋት 30 ትንፋሽ፣ ማታ 30 ትንፋሽ ነው። ክብደቱ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ መሳብ ከሚችለው ትልቁ ኃይል ግማሽ አካባቢ ይሆናል። 30ኛው ትንፋሽ ላይ አፋፍ መድረስ አለባችሁ። ከተረፋችሁ ቀሏል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጠዋት አይረሳኝም። 17ኛው ላይ ራሴን አዞረኝ። ምራቄ በአገጬ ይወርዳል፣ አፍንጫዬ በመቆንጠጫው ታፍኗል። በማግስቱ ከጎድኔ ሥር ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለኝ እንዳደረ ሰው አመመኝ። ማዞሩ የመጣው ቶሎ ቶሎ ስለተነፈስኩ ነበር። እንዲያ ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣል። መሳቡን ፈጣንና ኃይለኛ፣ ማስወጣቱን ዘገም ያለ ሳደርገው በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ካርቶኑ ላይ «የሳንባን አቅም ይጨምራል» ይላል። ይህ ልክ አይደለም። ከመጀመሬ በፊት ትንፋሼን ተለክቼ ነበር፤ በሰባተኛው ወርም ደግሜ ተለካሁ። ሙሉ ትንፋሽ ስቤ እስከ መጨረሻው ሳስወጣ ያኔ 5.2 ሊትር ነበር፤ አሁንም 5.2 ነው። የተለወጠው የመሳብ ኃይሌ ነው። የመሳብ ኃይል በሚለካበት የግፊት መለኪያ፣ በሴንቲሜትር ውሃ፣ ከ112 ወደ 143 ወጥቷል። ሳንባ ራሱ ጡንቻ አይደለም። የሚስበው ከሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ነው፤ የጎድን አጥንት ጡንቻዎችም ያግዙታል። እኔ ያጠነከርኩት እነሱን ነው።

ይህ ልዩነት በደንብ ለሠለጠነ አትሌት ትልቅ ትርጉም አለው። ልምምድ ልብን ያሰፋል፣ የደሙን መጠን ይጨምራል፣ የእግር ጡንቻን ይለውጣል። የአዋቂ ሰው ሳንባ ግን ከሩጫ ጋር እምብዛም አያድግም። ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም፤ ሳንባው ትርፍ አቅም አለው፣ ቀድሞ ገደቡ ላይ የሚደርሰው ልቡ ነው። ቁጭ ብለን በደቂቃ 6 ወይም 8 ሊትር አየር ብቻ ነው የምንተነፍሰው። ትልቅ ሰውነት ያለው የሠለጠነ አትሌት በከባድ ውድድር ከ150 ሊትር በላይ ያንቀሳቅሳል። ልቡም በደቂቃ ከ30 ሊትር በላይ ደም ሊረጭ ይችላል። ያ ሁሉ ደም በሳንባው በኩል ማለፍ አለበት። በእረፍት ጊዜ አንድ ቀይ የደም ሴል በሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ የሰከንድ ሦስት አራተኛ ያህል ይቆያል። በከባድ ሩጫ ወደ ሩብ ሰከንድ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በአንዳንዶች ላይ ደሙ ኦክስጅኑን ሳይሞላ ይወጣል። ተመራማሪው ዴምፕሲና ባልደረቦቹ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ይህን በባሕር ጠለል ከፍታ፣ ጤነኛ በሆኑ የሠለጠኑ ሯጮች ላይ አሳይተዋል። መጀመሪያ ሳነበው ደግሜ ነው ያነበብኩት። ሳንባው ጠባብ በር የሚሆንበት የደከመው ሰው ሳይሆን የጎበዙ ነው!

ያንን በር መሣሪያዋ አትከፍተውም። በዚህ ላይ ማንም እንዳያታልላችሁ። ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሜም ሲለካ እዚያው ነው ያለው።

ታዲያ ምን ጠቀመችኝ? በከባድ ሩጫ የትንፋሽ ጡንቻዎችም ደም ይፈልጋሉ። ሙሉ ኃይል ላይ ልብ ከሚረጨው ደም ከ14 እስከ 16 በመቶ የሚሆነውን እንደሚወስዱ ተገምቷል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ሃርምስ፣ ዴምፕሲና ሌሎች ተመራማሪዎች ብስክሌተኞችን ሙሉ ኃይላቸው ላይ ለክተዋል። የትንፋሽ ሥራው በማሽን ሲቀልላቸው ወደ እግር የሚሄደው ደም ጨመረ። ሲከብድባቸው ቀነሰ። ድያፍራም ሲደክም በነርቭ መልእክት የእግርን የደም ሥሮች ያጠብባል። «እግሬ ከዳኝ» የምንለው ነገር አንዳንዴ መነሻው ደረት ነው ማለት ነው። የእኔ 8ኛ ኪሎ ሜትር የገባኝ ያኔ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሩጫዬ ላይ ምንም አላየሁም። በስድስተኛው ሳምንት ስድስት ጊዜ 1,000 ሜትር እየሮጥን ነበር። አምስተኛው ላይ ሁልጊዜ የሚበላሸው የትንፋሽ ምቴ፣ ሁለት እርምጃ መሳብ ሁለት እርምጃ ማስወጣት፣ ሳይፈርስ ቆየ። ትከሻዬም አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሰዓቴ ከ33:41 ወደ 33:18 ወርዷል። ግን በዚያው ጊዜ የሳምንት ኪሎ ሜትሬንም ጨምሬ ነበር። ሁሉንም ለእሷ መስጠት ውሸት ይሆንብኛል። በቀላል ሩጫ ላይ ደግሞ ምንም ልዩነት የለም።

ጉድለቶቿን ልንገራችሁ። የአፍንጫ መቆንጠጫው ስፖንጅ በሁለተኛው ወር ተላቀቀ። መለዋወጫ እንዲልክልኝ ሻጩን ሁለቴ ጠየቅኩት፤ መልስ የለም። መዞሪያው ላይ ያሉት ቁጥሮች ደረጃ እንጂ ልኬት አይደሉም። 5 ቁጥር ስንት ግፊት እንደሆነ አታውቁም፣ እያደርም ራሱ ይላላል። በአምስተኛው ወር ደግሞ ቫልቩ መጣበቅ ጀመረ። ፈትቼ ሳየው የደረቀ ምራቅ ነበር። አሁን በየሦስት ቀኑ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አጥባታለሁ፤ ተዘቅዝቃ ትደርቃለች። ከሰው ጋር በጋራ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ሳንባው ተቀድዶ አየር ያመለጠበት ወይም የጆሮው ታምቡር የተቀደደ ሰው ሐኪም ሳያይ አይንካት።

አብራን የምትሠለጥን አንዲት ልጅ የእኔን አይታ እንደዚሁ ዓይነት ገዛች። ከከባድ ሩጫ በኋላ ታስላለች፣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ በተለይ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን። ሁለት ወር ሠራችበት፤ ምንም። እባክሽ ሐኪም ጋ ሄደሽ ታዪ ብዬ ወተወትኳት። ከሩጫ በፊትና በኋላ ትንፋሿ ተለካ። በመጀመሪያው ሰከንድ የምታስወጣው አየር ከሩጫ በኋላ በደንብ ወረደ። 10 በመቶና ከዚያ በላይ መውረድ ከእንቅስቃሴ ጋር የሚመጣ የአየር ቧንቧ መጥበብ ምልክት ነው። ብዙ ደረቅ አየር የሚስቡ ሯጮችና የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች ላይ፣ በክሎሪን ገንዳ የሚዋኙትም ላይ ይበዛል። የእሷ ችግር የጡንቻ ድካም አልነበረም። አሁን ኢንሄለር፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ አላት፤ ለውድድር የተፈቀደውን መጠንም ሐኪሟ ነግሯታል። ባለፈው ሳምንት ኢንተርቫሉን ሳታስል ጨረሰች። ደስታዬ ከራሴ ሰዓት የበለጠ ነበር።

እኔ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምሠራው፤ ጥንካሬው አልወረደም። ውድድር ሲኖረኝ ከማሟሟቂያ ጋር ቀለል ባለ ክብደት ሁለት ዙር 30 ትንፋሽ እስባለሁ። መዞሪያው ላይ የቀረኝ አንድ ዙር ነው። ከባዱን ሞላ አዝዣለሁ፤ ከሌላ ሻጭ።