ለአስጎብኚ የሚሆን የእንግሊዝኛና የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት፦ ከላሊበላ የቀረበ ግምገማ

በላሊበላ ስፓኒሽ ተናጋሪ እንግዶችን ማስጎብኘት ስጀምር በእጄ የነበረው አንድ የኪስ መዝገበ ቃላት ብቻ ነበር። ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሦስት አራት የስፓኒሽ ቃላትን በነጠላ ሰረዝ እየለየ ይደረድራል እንጂ የትኛው ለየትኛው ፍቺ እንደሚውል አያመለክትም። ዛሬ የምገመግመው ከእርሱ በኋላ ደሴ ፒያሳ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ የገዛሁትን፣ የፊት ገጾቹ የተገነጠሉትን ትልቁን መዝገበ ቃላት ነው።

ልዩነቱን ያየሁት «ኪይ» በሚለው ቃል ነው። አንድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘግቶ ስናገኘው፣ ቄሰ ገበዙ ቁልፉን ይዘው እየመጡ መሆናቸውን ለእንግዶቼ ለመንገር ከኪሱ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ቃል አንስቼ «ክላቤ» አልኳቸው። «ክላቤ» የምስጢር ቃል ወይም የአንድ ነገር መፍቻ ማለት በመሆኑ፣ እንግዶቹ በሩ በምስጢር ቁጥር የሚከፈት መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ መዝገበ ቃላት ግን ከእያንዳንዱ ፍቺ ፊት አጭር መግለጫ አለው፦ የበሩ «ያቤ»፣ የኮምፒውተሩና የፒያኖው «ቴክላ»፣ የምስጢሩ «ክላቤ»። ከአማርኛ ለሚነሣ ሰው ጥንቃቄው እንዲያውም ይበልጣል፤ እኛ የሸሚዙንም ቁልፍ እንላለን፣ እርሱ ግን በስፓኒሽ «ቦቶን» ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ «ሩፍ» የሚለው ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ከአለቱ አፋፍ ቆመን ስናየው፣ እንግዳው መጀመሪያ የሚያገኘው በመስቀል ቅርጽ የተጠረበውን ጣሪያ ስለሆነ ይህ ቃል ከአፌ የማይለይ ነው። ለብዙ ጊዜ «ቴሃዶ» እል ነበር። ቃሉ የመጣው «ቴሃ» ከሚለው የሸክላ ጡብ ክዳን ስም ነውና፣ ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት ለተፈለፈለ ሕንፃ አይስማማም። መጽሐፉ ከጎኑ ያኖረው «ቴቾ» እንደ እኛው ጣሪያ የውጩንም የውስጡንም ስለሚይዝ አሁን የምጠቀመው እርሱን ነው።

«ኮርነር» ላይ ደግሞ አማርኛችን ራሱ መንገድ ይመራል። በቤተ መድኃኔ ዓለም ውስጥ ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ የተዘጋጁ የሚባሉት ሦስት ባዶ መቃብሮች ያሉት ጥግ ላይ ነው፤ ይህ ከውስጥ የሚታየው ጥግ «ሪንኮን» ይባላል። ከውጭ የሚታየው የሕንፃ ማዕዘንና የመንገድ መታጠፊያ ግን «ኤስኪና» ነው። ከእንግሊዝኛው በፊት ነገሩን በአማርኛ ለራሴ ስናገር ምርጫው ብዙ ጊዜ ግማሽ መንገድ ተሠርቶ አገኘዋለሁ። ዓሣ ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ሐይቅ ውስጥ የሚዋኘው «ፔዝ»፣ ተጠምዶ ለምግብ የሚቀርበው «ፔስካዶ» ሲሆን አማርኛውም እንግሊዝኛውም አይለዩአቸውም።

ጉድለቱን አልሸሽግም። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ በቤተ መቅደሱ ድንግዝግዝ ብርሃን ማንበብ አይቻልም። ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከሁለት ቃላት መካከል ስጠራጠር፣ በ1713 የተመሠረተው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ በኢንተርኔት በነፃ ባቀረበው መዝገበ ቃላት ስፓኒሹን መልሼ እፈልጋለሁ። ፍቺው ሙሉ በሙሉ በስፓኒሽ ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል፤ ለማጣሪያ ግን እስካሁን የተሻለ አላገኘሁም።

መዝገበ ቃላት ለመግዛት የምታስቡ የሙያ ጓደኞቼ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ «ኪይ» የሚለውን ቃል ግለጡ፤ «ያቤ» እና «ክላቤ» ያለ አንዳች መግለጫ ጎን ለጎን ከተቀመጡ መጽሐፉን ለነጋዴው መልሱለት።