ሰባት ቁልፍ ይዤ የገባሁበት የአገልጋዮች ሥልጠና

በአጥቢያችን በልዩ ልዩ ክፍል በነጻ የምናገለግል 30 ያህል ሰዎች፣ ከውጭ በመጡ አሠልጣኞች የተዘጋጀ የአገልጋዮች ሥልጠና በቅርቡ ተከታትለን ጨርሰናል። ሥልጠናው በ4 ቅዳሜዎች፣ በየዕለቱ ለ3 ሰዓት የተሰጠ ሲሆን፣ በር ላይ እንግዳ ከሚቀበሉት ጀምሮ መዘምራንን፣ የሕፃናት አስተማሪዎችንና ድምፅ ማጉያ የሚቆጣጠሩትን በአንድ አዳራሽ አሰባስቧል። ተመሳሳይ ሥልጠና ለማስመጣት የሚያስቡ አጥቢያዎች እንዲመዝኑት በጎውንም ጉድለቱንም እጽፋለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ የጠበቅሁት በሮሜ 12፥11 ላይ «በመንፈስ የምትቃጠሉ ሁኑ» የሚለውን ቃል መነሻ ያደረገ፣ አነቃቅቶ የሚያሰናብት ስብከት ነበር። ዋና አሠልጣኙ ግን ሰላምታ ሰጥተው እንደ ጨረሱ፣ «በኪሳችሁ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ሁሉ እስቲ ጠረጴዛ ላይ አውጡት» አሉን። አብዛኛው ሰው ባዶ እጁን ሲያሳይ እኔ ሰባት ቁልፍ ደረደርሁ፤ ከእነርሱም ሁለቱ የምን እንደሆኑ ራሴም ረስቼ ነበር። አሠልጣኙ አልወቀሱኝም፤ «እርስዎ አንድ እሑድ ቢታመሙ የድምፁን ክፍል ማን ይከፍታል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። ለዓመታት ትጋት እያልሁ የኮራሁበት ነገር፣ ለካ ሌላውን ከበሩ ውጭ ያስቀረ አያያዝ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ የተሰጠው ትምህርት ከሥልጠናው ሁሉ የላቀው ክፍል ነው። በዘፀአት 18 የሙሴ አማት ዮቶር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ የዋለውን አማቹን ይህ አካሄድ አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ብሎ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። በዘኍልቍ 8 ደግሞ ሌዋውያን በ25 ዓመታቸው ወደ አገልግሎት ገብተው በ50 ዓመታቸው ከሥራው እንደሚያርፉ፣ ከዚያም ወንድሞቻቸውን እንደሚያግዙ ተደንግጓል። ስለ መሰጠት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ የማረፊያው ዕድሜ በዚያው መጽሐፍ መጻፉን ልብ ያልሁት ግን ያን ቀን ነው። በሐዋርያት ሥራ 6 ላይም፣ ማዕድ ለማገልገልና ቃሉን ለማገልገል የተጠቀሱት የግሪክ ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ መሆናቸውን አሠልጣኙ ሲያስረዱ፣ በየሳምንቱ ወንበር የሚደረድረው ወንድማችን ከኋላ መቀመጫው ቀና ብሎ ማስታወሻውን ሲያወጣ አየሁት።

የሁለተኛው ቅዳሜ ልምምድም ጥሩ ነበር። አንዱ እንግዳ ሌላው ተቀባይ እየሆነ በር ላይ ቆመን ተለማመድን። በደግነታቸው ሁላችን የምናከብራቸው አንዲት እናት፣ «ከየት መጡ? ማን ጋበዘዎት? ትዳር አለዎት?» እያሉ እንግዳውን ሳይተነፍስ ጥያቄ ሲያዥጎደጉዱበት አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እርሳቸውም አብረው ሳቁ። የተሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ስምዎን ይናገሩ፣ ወንበር ያሳዩ፣ ከዚያ እንግዳው እስኪናገር ይታገሡ።

ሦስተኛው ቅዳሜ በአገልጋዮች መካከል ስለሚነሣ ቅሬታ የተነገረበት ነበር፤ አንብቦ ከማለፍ ያለፈ ነገር አላገኘሁበትም። የታደለን መመሪያ ደግሞ ፊደሉ እጅግ ደቃቃ በመሆኑ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ሊያነቡት አልቻሉም፤ ዐረፍተ ነገሮቹም ከሌላ ቋንቋ በችኮላ የተመለሱ ይመስላሉ።

ከባዱ ጉድለት የታየው በመጨረሻው ቀን ነው። የገንዘብ አያያዝና የሕፃናት ጥበቃ ለመዝጊያው ተትተው በዐሥር ደቂቃ ታለፉ። ጳውሎስ ለቅዱሳን የተሰበሰበውን እርዳታ ሲያደርስ ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቆ፣ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ወንድም አብሮ እንዲጓዝ ማድረጉ በሁለተኛ ቆሮንቶስ 8 ተጽፎ ሳለ፣ መባ ሁለት ሰው ሆኖ ይቈጠር፣ በዚያው ሰዓት ተመዝግቦ ይፈረምበት የሚል አንድ ቃል አልተነሣም። አንድ አዋቂ ከሕፃናት ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል እንዳይሆን የሚለውንም ያነሣችው አሠልጣኙ ሳይሆኑ ከመካከላችን አንዲት መምህርት ናት። ቅን ልብ ያለው ሰው ቁጥጥር አያስፈልገውም የሚል አስተሳሰብ ባለበት ጉባኤ ይህን መዝለል ቀላል ስሕተት አይደለም። ሥልጠናውን ለማስመጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሦስተኛው ቅዳሜ ለእነዚህ ሁለት ጉዳዮች እንዲለቀቅላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ተሳታፊውንም ከ20 ባታሳልፉ ልምምዱ ለሁሉም ይደርሳል።

ከሰባቱ ቁልፎች አራቱን ለሌሎች አስረክቤአለሁ፤ የምን እንደሆኑ ያልታወቁት ሁለቱ ቢሮ ተቀምጠዋል። የድምፁ ክፍል ቁልፍ ግን እስካሁን ከእኔ ጋር ነው፤ የሚረከበኝ ወጣት ገና ሁለት እሑድ ብቻ ነው የተለማመደው።