ዛንዚባር ወይስ ላሙ?
በስዋሂሊ ጠረፍ የታንዛኒያዋን ዛንዚባርና የኬንያዋን ላሙ የሚያነጻጽር መንገደኛ፣ በ2000 እና በ2001 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ሁለት ጥንታዊ የድንጋይ ከተሞችን ያገኛል። በዛንዚባር የምግቡ ደስታ የሚደምቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ በፎሮዳኒ የባሕር ዳር መናፈሻ ሻጮች ዓሣ በከሰል ይጠብሳሉ፣ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ይጨምቃሉ፣ ኡሮጆ የተባለውንም በማንጎና በእርድ የተሠራ ኮምጠጥ ያለ ሾርባ ከድንችና ባጂያ ከተባለ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ጋር ያቀርባሉ። ዋጋን አስቀድሞ መጠየቅ ግን ይገባል።

በላሙ ግን እኔን የሚማርከኝ ጠዋቱ ነው። በኮኮናት ወተት ተቦክቶ በዘይት የተጠበሰው ማሐምሪ፣ ሄሉ ገና እየሸተተ፣ በኮኮናት ወተት ከበሰለ የርግብ አተር ጋር ይበላል። ጠባብ መተላለፊያዎቹ መኪና ስለማያስገቡ ጭነት የሚጓጓዘው በአህያ ነው፤ በዚህም የተነሣ የከተማው ድምፅ የሰው ድምፅ ሆኖ ቀርቷል።

በሁለቱም የሙስሊም ከተሞች በረመዳን ቀን ብዙ ምግብ ቤቶች ስለሚዘጉ ጊዜን መምረጥ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ የአጭር ጊዜ ተጓዥ ቀጥታ በረራ ያላት ዛንዚባር ትቀላለች፤ ሳምንት ለመቆየት ግን፣ ከማንዳ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ በጀልባ የሚገባባትን ላሙን ያለማመንታት እመርጣለሁ።