ወደ አይሲዩ ነርስነት፦ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይስ የተፋጠነ ባችለር?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት እየሠሩ፣ ልጅ እያሳደጉ፣ ትምህርት ለመቀጠል የሚያስቡ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ግባቸው አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ከሆነ ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሏቸው።

እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ያሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች በአነስተኛ ክፍያ የሁለት ዓመት ዲግሪ ይሰጣሉ። ሁለት ዓመት ሲባል ግን አይዘናጉ። በቅድሚያ የሚወሰዱት እንደ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ማይክሮባዮሎጂ ያሉ ትምህርቶች የራሳቸውን ጊዜ ይወስዳሉ።

የተፋጠነው ባችለር ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። በሌላ ሙያ ዲግሪ ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ዲግሪም ተገምግሞ ሊያገለግል ይችላል። ክፍያው ግን ከበድ ይላል፤ ሥራ ይዞ መማርም እጅግ ያደክማል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደግሞ ይህ ነው፦ ባችለር ያለው ሰው፣ ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆንም፣ ለሁለተኛ ባችለር ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ) አያገኝም።

የፈቃድ ፈተናው፣ ኤንክሌክስ፣ ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ቅጥር ላይ ነው። ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ባችለር ያለውን ያስቀድማሉ፤ አይሲዩ ላይ ደግሞ ይብሳል።

የቤት ኪራዩ በእርስዎ ደሞዝ የሚከፈል ከሆነ፣ እኔ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁን እመክራለሁ። ፈቃድ አውጥተው እየሠሩ ባችለሩን በኦንላይን መጨረስ ይቻላል። ብዙ ሆስፒታሎችም በክፍያው ያግዛሉ። እስከዚያው የሕሙማን የልብ ምት ያለማቋረጥ የሚታይበት ቴሌሜትሪ ክፍል ቢገቡ የልብ ሞኒተር ማንበብ ይለምዳሉ። የሚያግዝ ቤተሰብና የተጠራቀመ ገንዘብ ካለ ግን የተፋጠነው በቀጥታ አይሲዩ ለመቀጠር የተሻለ ዕድል ይሰጣል።