ጨውና ቅቤ ያልገባበት የበዓል ቁሌት

የፋሲካ ዶሮ ወጥ ጨው የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ባለሙያዋ ሳትቀምሰው የምትሠራው መሆኑ ነው። ወጡ የሚጣደው ቅዳሜ ሹር ነው፤ በዚያ ሰዓት የ55 ቀኑ ጾም ገና አልተፈታም፤ ብዙ እናቶችም ከዓርብ ጀምሮ አክፍለው፣ እህል ሳይቀምሱ ነው ምድጃ ላይ የሚቆሙት። ስለዚህ ጨው በግምት ይጨመራል፤ ግምቱም እንግዳ ፊት «ጨው አነሰው» እንዳይባል ሲፈራ ሁልጊዜ ወደ መብዛቱ ያደላል። በርበሬው ራሱ ሲደለዝ ጨው የገባበት መሆኑም በጥድፊያው መሐል ይረሳል።

እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ይህ ነገር ለቤታችን ትልቅ ጭንቀት ሆኖ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ፣ ለቀኑ ምግብ ሁሉ የሚበቃ መጠን ነው። በበዓል ቀን ግን ወጡ፣ ጥብሱና ዳቦው ሲደመሩ የእናቴ ድርሻ ቁርስ ላይ ያልቅ ነበር። ዶሮ ወጥ አትብዪ ማለት ደግሞ ፋሲካን አታክብሪ እንደ ማለት ነውና አልሞከርነውም።

በሰፈራችን ለበዓል ቁሌት እያቁላሉ በትእዛዝ የሚሸጡ ሴቶች መኖራቸውን የሰማሁት በዚህ ጊዜ ነው። ሁለት ዓይነት ያዘጋጃሉ፤ አንዱ በርበሬ፣ ዘይት፣ ቅቤና ጨው የተሟላለት ሲሆን ሁለተኛው ሽንኩርትና በርበሬው በጥቂት ዘይት ብቻ የበሰለ፣ ጨውም ቅቤም ያልገባበት ነው። እኔ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው።

ዶሮ ወጥ በአሠራሩ ለጤና የማይመች ምግብ አይደለም። በእኛ ሙያ የዶሮው ቆዳ ይገፈፋል፣ ስቡ ይለቀማል፣ 12ቱ ብልት በሎሚና በጨው እየታሸ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠባል። ድስቱ ውስጥ የሚገባው ሥጋ ስብ የሌለው ነው ማለት ይቻላል፤ ወጡን የሚያከብደው ቁሌቱ ነው። እነዚህ ሴቶች ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፈው በደረቁ ያቁላሉታል፤ ድስቱን ሊይዝ ሲል ብቻ ውኃ ጠብ ያደርጉበታል፤ ዘይት የሚያስገቡት ሽንኩርቱ ውኃውን ጨርሶ ቀለሙ ሲጠቁር ነው። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በቤት ውስጥ ስንቸኩል ሽንኩርቱን ከመጀመሪያው በዘይት የምናጥለቀልቀውም ለዚሁ ትዕግሥት ጊዜ ስናጣ ነው።

የተላከልንን ቁሌት ማቀዝቀዣ አሳድሬ አይቼዋለሁ። ከላይ የረጋው ዘይት ስስ ቀይ መስመር ብቻ ነበር፤ በማንኪያ ስጫነውም ሽንኩርቱ እንደ ድልህ ልሞ፣ ክር የሚመስል ነገር ሳይቀርበት ነበር የተጎተተው። ቀለሙ ጥቁር ቀይ፣ ሽታውም ምንም የማረር ምልክት የሌለበት ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ሌላ ነው። ቁሌቱ ቅቤ የሌለው በመሆኑ የጾም ነው፤ ስለዚህ መቅመስ ይቻላል። ሚያዝያ 9 ቀን 2017፣ ጉልባን በበላንበት ሐሙስ ማታ፣ እናቴ ከጭልፋው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ከበርበሬው የመጣው ጨው ምን ያህል እንደ ሆነ ለይታ ዐወቀች። ቁሌቱን ያመጣችው ልጅም «እማማ፣ ጨው አልነካነውም፤ በእጅዎ ይጨምሩበት» ብላት ነበር። ቅዳሜ ብልቱ ሲገባ የተጨመረው ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው፤ በቀደሙት ዓመታት በእፍኝ ይበተን ነበር። ንጥር ቅቤውንም ከመከለሻው ጋር መጨረሻ ላይ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ብቻ አደረግንበት። የኮሰረቱና የኮረሪማው መዓዛ ሳይጠፋ ስለቀረ ከገበታው የተቀመጠ ሰው ሁሉ ቅቤው የተቀነሰ መሆኑን አላወቀም። እናቴ ከተልባው በኋላ አንድ ብልትና ግማሽ እንቁላል በአይብ በላች፤ ሰኞ ስትለካም ግፊቷ እንደ ወትሮው ነበር። አንድ ልኬት ብዙ ነገር አያስረዳም፤ ሆኖም የበዓሉን ማግስት ያለ ስጋት ማሳለፋችን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለትም አለባቸው። ለገና ባዘዝኩ ጊዜ ዕቃው ላይ ምንም ስላልተጻፈበት የመጣልኝ ጨው ያለበት ቁሌት ነበር፤ ያወቅነውም ወጡ ከተበላ በኋላ ነው። ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ቤተሰብ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ለነገሩ ለፋሲካ በየክዳኑ ላይ በትልቁ ጽፈው ላኩ። ትኩሱን ቁሌት በስስ የላስቲክ ዕቃ የሚሞሉት ነገር ግን እስካሁን አልታረመም፤ ዕቃው ሲደርሰኝ ከሙቀቱ የተነሣ ጠርዙ ተጣሞ ነበር። ምግብ እንዲህ ባለ ዕቃ በትኩሱ መቀመጥ የለበትም። ከሰዓት በፊት ይደርሳል የተባለውም የደረሰው ምሽት ላይ ነው፤ በሰሙነ ሕማማት መንገዱ የሚታወቅ ስለሆነ ይህን አላከብድባቸውም።

ዋጋው ሽንኩርቱን ራስ ገዝቶ ከማቁላላት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሽንኩርት መክተፍና ግማሽ ቀን ማማሰል ለሚከብዳት፣ እንደ እናቴ ጉልበቷ ለደከመ ሴት ግን የሚገባው ዋጋ ነው። ጊዜና ጤና ያለው ሰው በዚሁ አሠራር፣ ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላልቶ ጨውንና ቅቤን ለመጨረሻ በማቆየት፣ ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ለመጪው በዓል እኔ የማዝዘው ጨው አልባውን ለሁለት ዶሮ የሚሆን ነው፤ መቀበያውንም የራሴን የብረት ድስት ከነክዳኑ አስቀድሜ እልክላቸዋለሁ።