ይቺን ሲስተር ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም

ልጄ ዛሬ 45 ቀኗን ደፈነች። ክትባት ልናስከትባት ሄደን ሚዛን ላይ ስትወጣ 4 ኪሎ ከ600 ሆነች። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ስድስተኛው ቀን ትዝ ብሎኝ ነው።

የወለድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። የግል ነው፣ ደህና ገንዘብ ከፍለናል። ልጄ ጡት አልይዝ ስትል ጠርቼ ጠርቼ አንዷ መጣች። ጡቴን እንደ ሊጥ ጨበጠችው፣ የልጄን ጭንቅላት ገፋ ገፋ አደረገችና "አንቺ ወተት የለሽም" ብላ የቆርቆሮ ወተት ስም ጽፋልኝ ወጣች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ቤት ስንገባ የጡቴ ጫፍ ቆስሎ ይደማል። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ታለቅሳለች፣ እኔም አብሬያት። እናቴ ለጋ ቅቤ ይዛ "እናስልሳት፣ አንቺም በሱ ነው ያደግሽው" ትላለች። ጠያቂው ሁሉ ገንፎውን እየበላ "ወተትሽ ወረደ?" ይለኛል። አሁን ይሄ ለአራስ ይጠየቃል?

በ6ኛው ቀን ጎረቤቴ ጎትታ ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። 3 ኪሎ ከ200 የተወለደች ልጅ 2 ኪሎ ከ900 ሆናለች። በራብ ልገላት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

አዋላጇ ሲስተር መጀመሪያ እጇን ታጠበች። ከዚያ መዳፎቿን እፍ እፍ እያለች አሟሟቀች። ዱካ ስባ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ጡቴን አልነካችም። የልጄን ሆድ ከሆዴ አጋጠመችና አፏን በደንብ እስክትከፍት አስጠበቀችኝ። "ጫፉን ብቻ አይደለም የኔ እናት፣ ጥቁሩንም ትጉረሰው" አለች። ሌላም ብዙ ነገር አለችኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። ድንገት "እስቲ ዝም በይና ስሚ" አለችኝ።

ክ... ክ... ልጄ እየዋጠች ነው!

"ይኸው ወተትሽ" አለችኝ።

ክብደቷንም አረጋጋችኝ። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንሳል፣ በ2 ሳምንት ገደማ ይመልሰዋል አለችኝ፤ ግን በየሁለት ቀኑ እየመጣሽ አስመዝኚ ብላ ቀጠረችኝ። በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢ፣ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸናች ጠግባለች ማለት ነው። እስከ 6 ወር ውሃም ቢሆን እንዳይሰጣት።

እናቴን እንዴት እንደያዘቻትማ ብታዩ! እኔ ሳምንት ሙሉ የተጨቃጨቅኩበትን ነገር "እማማ፣ ቅቤውን እሷ በአጥሚቱ ትጠጣው፣ ልጅቷ በእናቷ በኩል ይደርሳታል" ብላ ጨረሰችው። እናቴ ስትስቅ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። አሁን ስለ ሲስተሯ የምታወራው ከኔ ትብሳለች።

ባሌ ለሻይ ብሎ ሊያስጨብጣት ሲል እጇን ወደ ጋዋኗ ኪስ ከተተች። አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ለልጅቷ ዳይፐር ግዙበት አለችው። ከፍዬ የተሰደብኩትን ሳስብ ያንገበግበኛል!

ስሜን ፌስቡክ ላይ አታውጪ ስላለችኝ አልጻፍኩትም። ግን እርጉዝ የሆናችሁ፣ አራስ ቤት ያላችሁ፣ "ወተት የለሽም" የተባላችሁ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ጤና ጣቢያውን እጠቁማችኋለሁ። እባካችሁ ሂዱ። ጡጦ ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱ። በክትባት ቀን ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሱ።

መልስ ከዘገየሁባችሁ እያጠባሁ ነው።